የገጠር የእሳት ቡድን እንዴት ይደራጃል? የማትሠሩትን በመጻፍ ጀምሩ

በገጠር ቤት ሲቃጠል የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የከተማው እሳት አደጋ ቢደወልለትም መንገዱ ሩቅ ነው። አንዳንድ መንደር ጭራሽ መኪና አይገባበትም። የሣር ክዳን ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ትልልቁን ቃጠሎም አይተናል። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ነደደ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ። እነሱ እስኪደርሱ ግን እሳቱ ፊት የቆመው የአካባቢው ሰው ነበር። ገበሬያችን ድፍረት አይጎድለውም። ማን እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ ወደ ኋላ እንደሚል አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ያው ድፍረቱ ሰው ሳይጎዳ ብዙ ይሠራል። አንድ ቀበሌ ይህን ከባዶ ለመጀመር ቢፈልግ እንዲህ ያድርግ።

1. ከእድሩ ጀምሩ

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። እድሩ የአባላት ዝርዝር አለው፣ ጡሩንባ አለው፣ ሲጠራ የሚመጣ ሰው አለው። ከየጎጡ ፈቃደኞችን መዝግቡ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ መልእክት ያደርስ ይሆናል እንጂ እሳት ፊት አይቁም።

ሴቶችን በደንብ አስገቡ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የቤት እሳት ብዙ ጊዜ ከምድጃ ይነሳል፤ በዚያ ሰዓት ወንዱ ማሳ ላይ ነው። ቀን ላይ መጀመሪያ የምትደርሰው ጎረቤት ሴት ናት። እሷ ካልሠለጠነች ቡድኑ የሚሠራው ማታ ማታ ብቻ ነው ማለት ነው።

2. የአገልግሎት ደረጃችሁን ወስኑ

ብዙዎች የሚያልፉት ይህንን ነው። ቡድን ይቋቋማል፣ አካፋ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል፤ «ይህ ቡድን ምን ለመሥራት ቃል ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የሌላ አገር የገጠር በጎ ፈቃደኞችም ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የአካባቢው አስተዳደር ለእሳት ቡድኑ ከ3 ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው ከውጭ ሆኖ ብቻ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው በተወሰነ ሁኔታ ወደ ቤት መግባትን ይጨምራል። ሦስተኛው ሙሉ አገልግሎት ነው። ሥልጠናው የሚለካው በተመረጠው ደረጃ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 1720 የሚባል መለኪያ አለው። በገጠር አካባቢ ለሚነሳ የቤት እሳት ከ10 ጊዜ 8ቱን 6 ሰው በ14 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ ይላል። ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጡ፤ እነሱ መኪናና መንገድ አላቸው። የምንወስደው አሠራሩን ነው፤ ቃሉ ይጻፋል፣ ከዚያ ይለካል።

የኛ ደረጃ የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ ከውጭ ብቻ። ወደሚነድ ቤት መግባት የመተንፈሻ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለት ሰው ሲገባ ሌሎች ሁለት ሰዎች ታጥቀው በር ላይ መጠበቅ አለባቸው። ይህ በሌለበት «ይገባል» ብሎ መጻፍ የሰው ልጅ ላይ መፍረድ ነው። ሰውን ከነበልባሉ በፊት የሚጥለው ጢሱ ነው። የሚነድ የሣር ጣሪያ ደግሞ ከነማገሩ ተደርምሶ ይወርዳል።

አሁን ከባዱ ነገር ይመጣል። እናት በር ላይ ቆማ «ልጄ ውስጥ ነው!» ብትልስ? ይህን እሳቱ ፊት ቆሞ መወሰን አይቻልም። ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ሽማግሌዎችም፣ እናቶችም ባሉበት። እኔ የምመክረው ይህ ነው። እሳቱ ገና ምድጃው አካባቢ ሆኖ በሩ ክፍት ከሆነና ጢሱ ካልሞላ፣ ቅርብ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ገብቶ ያወጣል። ጣሪያው ከተያያዘ ወይም ጢሱ በሩን ከሞላ ግን ከቡድኑ ማንም አይገባም። የቡድን መሪው በር ላይ ቆሞ ይከለክላል፤ የልጁን አባትም ጭምር። ይህን መጻፍ ያማል። ካልተጻፈ ግን አንዱን ለማውጣት ሌሎች ይከተሉታል፤ ያ ቤት በአንድ ቀን ብዙ ሰው ያጣል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ቤት ውስጥ ሰው አለ?» የሚሆነው። እሱን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብ። ቤተሰቡን በስም እየጠራ ይቁጠር። ልጁ አያቱ ጋ ሆኖ እያለ ሰው እሳት ውስጥ እንዳይገባ ይህ ቆጠራ ያድናል።

ስለ ከብትም ጻፉ። በሬ ለማውጣት ብሎ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፤ በሬው የቤቱ ኑሮ ስለሆነ አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀድሞ ነው ያለው። ከብትና ሰው አንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ በከብቱ በኩል ሌላ በር ይውጣ። የከብቱ ገመድም ከውጭ የሚፈታ ይሁን።

ቀጥሎ ሰዓቱን ለኩ። ሳትናገሩ ጡሩንባ አስነፉና ስንት ሰው በስንት ደቂቃ እንደደረሰ መዝግቡ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት፣ አንዴ በገበያ ቀን። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ያያችሁት ቁጥር ነው፤ የምትመኙት አይሁን። በገበያ ቀን የደረሰው ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ሁለት ብላችሁ ጻፉ፤ ለዚያ ቀን ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ተስማሙ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ እንዲህ የሚል ይሆናል፦ «ከውጭ ሆነን እናጠፋለን። የጎረቤት ቤትና ክምር እንዳይያያዝ እንከላከላለን። የሣር እሳት እንቆርጣለን። ጣሪያው ወደተያያዘ ወይም ጢስ ወደሞላው ቤት አንገባም። በሌሊት ገደል ላይ አንሠራም።» ከሥሩ የተለካው ሰዓት ይጻፍ። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሕዝቡ ከቡድኑ ምን እንደሚጠብቅ ይወቅ።

3. መሣሪያ

አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ ማጭድ፣ መሰላል፣ ሣር ከጣሪያ የሚጎትት ጫፉ መንጠቆ የሆነ ረጅም እንጨት፣ ጆንያና ጀሪካን። ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተር ፓምፕ ነው። እኔ አልወደውም። ቤንዚን ይፈልጋል፣ በቅርብ ወንዝ ይፈልጋል፣ ሳይነሳ ከርሞ በጭንቅ ሰዓት እምቢ ይላል። በጀርባ የሚታዘል የፀረ ተባይ መርጫ ይሻላል፤ ለረመጥ ማጥፊያ ግሩም ነው። ብቻ የመድኃኒት ቅሪት እንዳይኖረው በደንብ ይታጠብ፤ ለእሳት የተመደበውም መድኃኒት አይነካው።

ልብስ ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን። ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የላስቲክ ጫማም እንዲሁ።

4. ሥልጠና

ኅዳር ላይ ጀምሩ፤ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር፣ ክምሩም ሲቆም። የአንድ ሳምንት ትልቅ ሥልጠና ሰጥቶ ከመበተን በወር አንዴ ሁለት ሰዓት መለማመድ ይበልጣል።

የቤት እሳት ልምምድ ቀላል ነው። ውሃ በቅብብል ማምጣት፣ የጎረቤቱን ክዳን ማርጠብ፣ እርጥብ ጆንያ ማልበስ። የነደደው ቤት ብዙ ጊዜ አይተርፍም፤ ውሃችሁን ለሚቀጥለው ቤት አውሉት። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ይንከባለል ወይም በጋቢ ይሸፈን። የተቃጠለ ሰው ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

የተራራና የሣር እሳት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ጥሩ ማስጀመሪያ የአሜሪካ የደን እሳት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ፖል ግሊሰን የሚባል ባለሙያ ያዘጋጀው። 4 ነገር ነው፦ የሚቃኝ ሰው፣ የመነጋገሪያ ዘዴ፣ የመውጫ መንገድ፣ መጠጊያ ቦታ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሥራ አይጀመርም። በኛ አገር ሲሆን፣ ቃኚው ከፍ ብሎ ቆሞ ነፋሱን ያያል እንጂ እሳት አይመታም። መነጋገሪያው ጡሩንባ ነው፤ «ውጡ» የሚለው ድምፅ ከጥሪው ድምፅ የተለየ ይሁን። መጠጊያው የታረሰ ማሳ ወይም ቀድሞ ተቃጥሎ የበረደ መሬት ነው።

እሳት ሽቅብ ይሮጣል። ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱም ይጨምራል። ስለዚህ ከእሳቱ በላይ ቆሞ መጠበቅ ክልክል ነው። ከግንባሩም አይገጠምም። ከጅራቱ፣ ማለትም እሳቱ ከተነሳበት ከኋላው፣ መንገድ ወይም ጅረት ካለበት ቦታ ተነስታችሁ በጎኑ እየቆረጣችሁ ሂዱ። ሣሩን እስከ አፈሩ ግፈፉት፤ ላይ ላዩን ማጨድ አይበቃም። ዶማና ገጀራ የያዙ ሰዎች መሀል 3 ሜትር ያህል ይኑር። ደጋ ላይ ከሆናችሁ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ተጠንቀቁ። አረንጓዴ ስለሆነ አይነድም ብላችሁ አትጠጉ፤ አያያዙ ያስደነግጣል።

እያንዳንዱ ሰው ይህን ሠርቶ ያሳይ። በቃል መናገር አይበቃም። «የት ትወጣለህ?» ሲባል በእጁ ይጠቁም። ያላሳየ ሰው ውሃ ያመላልስ፣ ከብት ያርቅ፤ ግንባር አይሂድ። የማን ስም መቼ እንደተፈተነ መዝገብ ላይ ይኑር። ይህ ለቡድን መሪውም ይሠራል፤ የቀበሌ ሥልጣን ያለው ሰውም ቢሆን።

5. እሳቱ ከጠፋ በኋላ

መጀመሪያ ሰዎቻችሁን ቁጠሩ። ከዚያ ረመጡን። ኩበትና ጉቶ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ቆይቶ ነፋስ ሲነሳ ይቀሰቀሳል። አመዱን ቆፍሩ፣ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀቱን እዩ፣ ሌሊቱን የሚያድር ተረኛ መድቡ።

በማግስቱ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ተጠራ፣ ማን መቼ ደረሰ፣ ምን ጎደለ። የጥፋተኛ ፍለጋ አታድርጉት፤ ሰው ከፈራ እውነቱን አይነግራችሁም።

ወረቀቱን በየዓመቱ ከልሱ። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሲወርድ ወይም ከተማ ሲገባ፣ ባለፈው ዓመት 12 ሰው የነበረው ጎጥ ዘንድሮ 4 ሊሆን ይችላል። ጡሩንባውን እንደገና አስነፉ። የደረሰው ሰው ከተጻፈው ካነሰ ቁጥሩን ዝቅ አድርጉና ለስብሰባው ንገሩ፤ በዚያው ቀን አዲስ ፈቃደኛ መዝግቡ።