የጎንደርን የድሮ ፊልም የምንገድልባቸው መንገዶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ፌስታል ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። የአያቱ ነው። ከካሴቶቹ ሥር ሁለት ክብ ቆርቆሮ ነበር፤ ውስጣቸው ፊልም። «በፍላሽ አድርግልኝና ሌላውን ጣልልኝ፣ ቤት አጣበበ» አለኝ። ጣልልኝ! ደሜ ፈላ። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ቡና አዘዝኩለትና አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩበት። አሁን የምጽፈው ያንኑ ነው።

ሥራዬ ካሴትና ፊልም መገልበጥ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ዴክ (የካሴት ማጫወቻ)፣ አንድ የፊልም ስካነር፣ ብዙ አቧራ። የሚመጣልኝ አብዛኛው ሰርግና ጥምቀት ነው። ሰው «ተራ ሰርግ ነው» ይለኛል። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን ግን እዩት። ዛሬ የፈረሰ ወፍጮ ቤት አለ። ወናፍ የሚነፋ ቀጥቃጭ አለ። የጎንደር ቅርስ ሲባል ሁሉም ፋሲል ግቢን ያስባል። ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ አጥርም ጠባቂም አለው። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሸማኔ እግር ግን አጥር የለውም። ያ እግር እንዴት ይረግጥ እንደነበር የሚያሳየን አልጋ ሥር የወደቀ ካሴት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኮርኒስ ላይ መስቀል

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ኮርኒስ ለፊልም ምድጃ ነው። ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። መሬት ላይ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት አለ። ከግድግዳ ራቅ ያለ፣ ፀሐይ የማያየው መደርደሪያ ይበቃል። ካሴቱን እንደ መጽሐፍ አቁሙት። አለቀ።

አቼቶ የሚሸተውን ከጤነኛው ጋር ማስቀመጥ

ቆርቆሮውን ስትከፍቱ ሰላጣ የተሠራ ከመሰላችሁ ፊልሙ ታሟል። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ራሱ አቼቶ ውስጥ ያለው ነው። አሲዱ መበስበሱን ያፋጥናል፤ መበስበሱ ደግሞ ተጨማሪ አሲድ ያወጣል። አንዴ ከጀመረ አይቆምም። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። ጎረቤቱንም ይበክላል። ስለዚህ የሚሸተውን ለብቻው አድርጉ፤ በላስቲክ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ከሁሉም በፊት እሱን አስገልብጡ።

«ታዲያ ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው?» የሚለኝ አለ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አድርጌው ነበር። አንዲት ትንሽ ጥቅል አውጥቼ ወዲያው ከፈትኳት። ፊልሙ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ አላበው። ምስሉን የያዘው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ እርስ በርሱ ተጣበቀ። የሰው አደራ ነበር። ባለቤቲቱን እማማን ዛሬም መንገድ ላይ ሳያቸው አንገቴን እደፋለሁ። ከፍሪጅ የወጣ ፊልም እንደታሸገ ቆይቶ የክፍሉን ሙቀት መልመድ አለበት።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ስፋቱ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል የሆነ ፊልም ካገኛችሁ፣ ያውም እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ ስለመሆኑ እርግጠኛ ካልሆናችሁ፣ ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል የድሮ ፊልም ሊሆን ይችላል። ናይትሬት ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል። ሲጋራ የለም፣ ሻማ የለም፣ ፕሮጀክተር የለም። ለሚያውቅ ሰው ንገሩ። ቀጫጭኖቹ የቤት ፊልሞች በዚህ አይጠረጠሩም።

«እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ስንቱን ፊልም በላች! የድሮ ፊልም ይኮማተራል። ከተኮማተረ የፕሮጀክተሩ ጥርስ ከቀዳዳዎቹ ጋር አይገጥምም፤ ይቀዳቸዋል። መሃል ላይ ከቆመ ደግሞ የአምፖሉ ሙቀት ያቃጥለዋል። ካሴትም ያው ነው። በመስኮቱ ስታዩት የክሩ ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ ከገባ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ ለሚገባው ካሴት ያስተላልፋል። አትክተቱት።

ካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ዴኩ አይቀዳበትም። አንድ ደንበኛዬ እናቱ ጥጥ ሲፈትሉ የተቀረጹበት ላይ የዓለም ዋንጫ ቀድቶበታል።

ሙዚቃ መደረብ

እዚህ ላይ ታገሱኝ።

በ1984 ዓ.ም. የተቀረጸ አንድ ካሴት ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ። አንድ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራል። ካሜራ የያዘው ዘመዱ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲሄድ ፍስስ ይላል። ከዚያ ማጉን ሲመታ ጠቅ፣ ጠቅ። ሁለት ምት፣ ትንሽ እረፍት፣ አንድ ምት። ውጭ አህያ ታናፋለች። ከሩቅ አዛን ይሰማል። ሸማኔው ሥራውን ሳያቆም ስለ ጥጥ ዋጋ ከጎረቤቱ ጋር ይነታረካል። መሃል ላይ ድሩ ይበጠስና ይራገማል፤ በምራቁ አርሶ ይቀጥለዋል።

ይህን ካሴት አንድ ጎበዝ ልጅ «ዶክመንተሪ» ሠራበት። ሃያ ሁለቱ ደቂቃ ሦስት ሆነ። ድምፁ በሙሉ ጠፍቶ በኪቦርድ ዋሽንት ተተካ። እጁ በስሎሞሽን ይሄዳል። ድሩ የተበጠሰበት ቦታ «ስለሚያስቀይም» ተቆርጧል። መጨረሻው ላይ የጀምበር መጥለቂያ አለ፤ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ቪዲዮው ብዙ ላይክ አገኘ። ዋናውን ካሴት ስጠይቅ ተጥሏል።

አሁን አንድ ሰው ሽመና ልማር ብሎ ቢነሳ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ምን ይማራል? ምቱ የለም። በስሎሞሽን ፍጥነቱ አይታወቅም። ክር ሲበጠስ እንዴት ይቀጠላል የሚለው፣ ያ ምራቅ፣ የለም። ያልተቆረጠው ካሴት ትምህርት ቤት ነበር። የቀረው የሻይ ቤት ማስታወቂያ ነው።

አዝማሪ ላይ ሙዚቃ የሚደርቡም አሉ! ማሲንቆ ላይ ኪቦርድ! አዝማሪ ለዚያ ቀን፣ ለዚያ ሰው የገጠመው ግጥም ነው፤ ሰምም ወርቅም አለው። ግማሽ ስንኝ ከጠፋ ወርቁ ጠፋ።

እኔ ንጹሕ ነኝ አልልም። ጀማሪ ሳለሁ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ማስዋቢያ ሁሉ ሳልሞክር አልተኛም ነበር። አንድ የጥምቀት ቪዲዮ ላይ ታቦት የተሸከሙት ካህን በልብ ቅርጽ ውስጥ ገብተው በነበልባል ይወጣሉ። ባለቤቶቹ በጣም ተደሰቱ፤ ከፍለውኝም ሄዱ። አንዲት ቅጂ አስቀምጫለሁ፣ ጀማሪ ሲመጣ አሳየውና አብረን እንስቃለን።

ማሳመር ኃጢአት አይደለም። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ከነሳሉ ከነአህያው ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በቅጂው ላይ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

ካህናቱን ማስሮጥ

ሱፐር 8 የሚባለው 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የቤት ፊልም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 18 ምስል ነው የሚቀረጸው። ቴሌቪዥናችን 25 ነው። ሳይስተካከል ከተገለበጠ የ10 ደቂቃው ፊልም በ7 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ወረብ ላይ አስቡት። መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ቀስ ብለው የሚሸበሽቡ መሪጌቶች ታክሲ ሊያመልጣቸው የደረሰ ይመስላሉ። ፍጥነቱን አስተካክሉ። ሲጠራጠሩ የሰው እርምጃ ማየት ነው። አራት ማዕዘኑን ምስል ወደ ጎን መለጠጥም ይቅር፤ ቀጭኑን ሁሉ አወፈራችሁት።

«1961» ብሎ ዝም ማለት

ካቻምና አንድ የሱፐር 8 ቆርቆሮ መጣልኝ፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጥምቀት 61» ይላል። ከኔ በፊት አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ «1961» ብሎ መዝግቦታል። ዓ.ም. የለም፣ እ.ኤ.አ. የለም። ሌላ ሰው ፈረንጅኛ ነው ብሎ 8 ቀነሰና «1953 ዓ.ም.» አደረገው። ሦስተኛ ሰው ይህንኑ ይዞ ስለ ከተማው ሊጽፍ ነው።

ሱፐር 8 ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በኛ 1957 ላይ ማለት ነው። በ1953 ጥምቀት በሱፐር 8 ሊቀረጽ አይችልም። ስለዚህ የቆርቆሮው 61 የኛው ነው፦ ጥር 1961 ዓ.ም.፣ ጥር 1969 እ.ኤ.አ.። ስምንት ዓመት በአንዲት ምህጻረ ቃል ጠፍቶ ነበር። መስቀል ቢሆን ደግሞ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8። «83» የተባለ አንድ ካሴት ላይ መስቀልም ጥምቀትም ካለ፣ መስቀሉ በፈረንጅ 1990፣ ጥምቀቱ 1991 ነው።

የኮዳክ ፊልም ከሆነ ጠርዙን በማጉያ እዩ። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ መስቀል የመሰሉ ትንንሽ ምልክቶች ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ። ምልክቶቹ በየሃያ ዓመቱ ተደጋግመዋልና ብቻቸውን አትመኑ። ደግሞ የተመረተበት ነው እንጂ የተቀረጸበት አይደለም።

ተራኪውን ማመን

ጣሊያን ጎንደርን የለቀቀው ጄኔራሉ ናሲ እጁን ሲሰጥ ነው፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። በወረራው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የሚባለው የጣሊያን የፊልም ተቋም አገራችንን ቀርጿል። ልጆች ከኢንተርኔት ያወርዱትና ትረካውን ቃል በቃል ተርጉመው «ታሪካችን» ይላሉ። ያ ድምፅ የወራሪ ፕሮፓጋንዳ ነው። አትደምስሱት፤ እሱም ማስረጃ ነው። ግን ምስሉን ለብቻው ደጋግማችሁ እዩ። ድንጋይ የሚጠርበው ማነው? መዶሻው ምን ዓይነት ነው? በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ፒያሳን በየቀኑ ነው የምንረግጠው፤ የጠራቢዎቹን እጅ ግን ያየነው ስንቶቻችን ነን?

«በቴሌግራም ላክልኝ»

ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨምቀዋል። ቢያንስ እንደ ፋይል ላኩት። ትልቁን ፋይል ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን። ፍላሽ ማመላለሻ ነው፤ ማስቀመጫ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ዴኩን ንቀሉ፤ መሣሪያ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው። ሁለት ዴክ ከፍዬበታለሁ። ዋናውን ፊልም አትጣሉ። ነገ የተሻለ ስካነር ይመጣል።

ሰው ሳይጠይቁ መሰየም

ወደዚያ ቆርቆሮ ልመለስ። ዓመቱን አረጋግጬ፣ ፍጥነቱን አስተካክዬ፣ «ጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን 1961» ብዬ ጽፌ ጨርሻለሁ። ኩራቴ አይጣል። ባለቤቱ ቤተሰብ ሰማንያ የዘለሉ አዛውንት ይዞ መጣ፣ ጋሼ ልበላቸው። ወንበር ሰጠኋቸው። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ዣንጥላዎቹ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ታቦታቱ ያልፋሉ።

አንድ ደቂቃ እንኳ አላዩም። «ይሄ ጥምቀት አይደለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቆርቆሮው ላይ እንዲያ ይላል።»

«ቆርቆሮው ይበል። ቁልቁል እኮ ነው የሚሄዱት። ወደ ፋሲል መዋኛ እየወረዱ ነው። በጥምቀት ይመለሳሉ እንጂ ይወርዳሉ? ከተራ ነው።»

መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጎንደር ተወልጄ አድጌያለሁ። ቁልቁለቱን አላየሁትም።

ስልኬን አውጥቼ ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። አሥራ አንድ ሰው በስም ጠሩልኝ። የአንዷን ሴት ቀሚስ ጥለት አይተው የሠራውን ሸማኔ ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ «ቆይ፣ ወደኋላ መልሰው» አሉ። መለስኩት። «እንደገና።» መለስኩት። ጥግ ላይ አንድ ጎረምሳ ውሻ እያባረረ ያልፋል፤ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁና «ጫማ የለኝም ነበር ማለት ነው» አሉ።

አሁን ቆርቆሮው ላይ «ከተራ፣ ጥር 10 ቀን 1961 ዓ.ም.» ይላል። የጋሼ ድምፅ ከፊልሙ ፋይል ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው።