ለሳይክል ሄልሜትና የኋላ መብራት ሲገዙ

ሄልሜት ከመግዛትዎ በፊት በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብለው የጭንቅላትዎን ዙሪያ ይለኩ። 57 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 55–59 የሚል ይፈልጉ። ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገናኝ፤ ከአገጭ ሥር ከሁለት ጣት በላይ አያስገባ። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባር ያጋለጠ ሄልሜት፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በፊት ለፊት አወዳደቅ አያድንም። አንዴ በኃይል ከተመታ ይጣል፤ ውስጡ ያለው ፎም ግጭቱን የሚውጠው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፣ ስንጥቁ ከውጭ ባይታይም።

የኋላ መብራቱ ቀይ ሆኖ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቱቦ ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ ወደ መሬት ካዘነበለ ሹፌር አያየውም። ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ረጅም ጃኬት ነው። ለብሰው ይቀመጡና መብራቱ መታየቱን ሌላ ሰው ከኋላ ይመልከትልዎ። በክረምት ጎማው የሚረጨውን ጭቃ ከመብራቱ ላይ በየቀኑ ይጥረጉት።