ፎቶው ከመነሳቱ በፊት የሚበላሸው ሽፋን፦ በተማሪዎች የሙዚቃ መጽሔት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የፖፕ ሙዚቃ መጽሔት አዘጋጁ ሲባሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ካሜራ መዋስ ነው። ድምፃዊ ሆና የምትቀርብ ጓደኛ ትፈለጋለች፣ ቅዳሜ ይቆረጣል፣ እንጦጦ ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተሂዶ ካርዱ እስኪሞላ ይነሳል። ሰኞ ፎቶዎቹ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ቆንጆ ቆንጆ ናቸው። ሽፋን የሚሆን ግን አንድም የለባቸውም።

ጥፋቱ ገጹን ሳይነድፉ ፎቶ ማንሳት ነው። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ ስላለቀ ከሌሎቹ ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

የሽፋን ፎቶ ለብቻው የሚቆም ፎቶ አይደለም። ከላይ የመጽሔቱ ስም ይቀመጥበታል፤ በአንድ ጎኑ የውስጥ ጽሑፎች ርዕስ ይወርድበታል፤ ከታች ዋጋና ወር ይገባበታል። አንሺው ለእነዚህ ቦታ ካልተወላቸው ገጽ አቀናባሪው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ የመጽሔቱን ስም ግንባሯ ላይ መጫን ወይም ርዕሱን ጉንጯ ላይ መለጠፍ። ጀማሪዎች ፊቱ ፎቶውን ጥርቅም አድርጎ ሲሞላው ደስ ይላቸዋል። ለማኅበራዊ ሚዲያ መልካም ነው፤ ለሽፋን ግን ከጭንቅላቱ በላይ ባዶ የሆነ አየር ያስፈልጋል፤ ያውም ሲያነሱት «በዛ» የሚያሰኝ ያህል።

በዚህ ላይ ካሜራውን አግድም መያዝ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ኤ4 ገጽ 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ሆኖ በጥራት እንዲታተም 2480 በ3508 ፒክሰል ይፈልጋል። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ስልክ አግድም ሲያነሳ ከፍታው 3000 ፒክሰል ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ የቆመ ኤ4 ስትቆርጡ የሚቀራችሁ 2100 በ3000 ያህል ነው፤ አይበቃም። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከሆነ 2828 በ4000 ይተርፋል፤ ይህ ይበቃል፣ ነገር ግን ከግማሽ በላዩን ጥላችሁ ነው። ካሜራውን ማቆም እኮ ገንዘብ አይጠይቅም!

መድኃኒቱ እርሳስና ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ኤ4 ወስዳችሁ የመጽሔቱን ስም፣ ርዕሶቹንና የሰውየውን ጭንቅላት በደረቅ መስመር ንደፉ። ማተሚያ ቤቱ ሲከረክም የሚበላው 3 ሚሊ ሜትር በየጠርዙ እንዳለም አትርሱ። ንድፉን ፎቶ ወደምታነሱበት ቦታ ይዛችሁ ሂዱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፎቶዎች ከእሱ ጋር እያስተያያችሁ አንሱ። የውስጡ ጥንድ ገጽ የራሱ ንድፍ አለው። አግድም ፎቶ የሚገባው እዚህ ነው፤ ፊቱ ግን መሐል ላይ ከሆነ የስፌቱ መስመር አፍንጫውን ይውጠዋል። ድምፃዊው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካየም ጽሑፉ ወዳለበት ገጽ ይይ፤ ከመጽሔቱ ወደ ውጭ የሚመለከት ሰው አንባቢውንም ይዞት ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ መጽሔቶችን ሽፋን እያዩ የሚነድፉ ተማሪዎች የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ እንደሌለው ይዘነጋሉ። ርዕስ በዋናነት የሚጎላው በመጠኑና ከጀርባው ባለው ነገር ጸጥታ ነው። የካዕቡና የሣልሱ ምልክት ትንሽ ጭረት ናት፤ ቅጠል ወይም የቆርቆሮ አጥር ላይ ስታርፍ «ለ» ከ«ሉ» አይለይም። ስለዚህ ጀርባው ያጌጠ ቦታ ፈልጋችሁ ስትዞሩ ከመዋላችሁ በፊት ንጹሕ ቀለም የተቀባ ግድግዳ በግቢያችሁ ውስጥ እንዳለ ተመልከቱ።

የቀትር ፀሐይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ የማትርቅ፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች ከተማ ናት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከአፍንጫ በታች ጥላ ይወርዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሱ፤ 12 ሰዓት ካለፈ ግን ቶሎ ስለሚመሽ አትዝናኑ። በቀትር ማንሳት ግዴታ ከሆነ በረንዳ ሥር ግቡና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ሪፍሌክተር (ብርሃንን ወደ ፊቷ የሚመልስ ሰሌዳ) ከሌለ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ከደረቷ ዝቅ ብሎ የሚይዝ ጓደኛ ይበቃል፤ ጥለቱን ግን እጠፉት፣ ቀይ ከሆነ አገጯ ላይ ያንጸባርቃል። የክረምት ደመናን አትሽሹ። ከእሱ የተሻለ ለስላሳ ብርሃን በኪራይ አይገኝም።

የፊትን ቀለም ለካሜራው መተው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ጠይም ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ካሜራው ግድግዳው አንጸባረቀብኝ ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊቱ ይጠፋል። ብርሃኑ ከፊት ላይ ብቻ እንዲለካ አድርጉ፤ ወይም የብርሃን ማካካሻውን በ1 ከፍ አድርጉ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ሳቡ።

ይህን ያላደረጉ ሰዎች ማታ ፊት የሚያነጣ መተግበሪያ ይከፍታሉ። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ፊቷ ነጥቶ አንገቷና ማይክሮፎን የያዘው እጇ ጠይም ሆነው የቀሩበት ሽፋን ለፈተና ሲቀርብ አይቻለሁ፤ አቅራቢዎቹ ልዩነቱ አልታያቸውም ነበር። የአፍንጫና የጉንጭ ቅርጽም አብሮ ተስተካክሏል። ልጅቱ ራሷን ፈልጋ ያጣችበት ሽፋን ነው። ብጉር አጥፉ፣ ከከንፈር የወጣ ቀለም ጥረጉ፤ የሰውን መልክ ግን ተዉት።

ስልክ ይዞ ፊት ላይ መጠጋት ሌላው ነው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በክንድ ርቀት ሲያነሳ ፊት በማንኪያ ጀርባ ላይ እንደሚታየው ይሆናል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ባለ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን ተጠቀሙ። ጀርባን የሚያደበዝዘውንም የስልኩን ስልት ከማመናችሁ በፊት ፎቶውን አጉልታችሁ ፀጉሩን እዩ፤ የአፍሮና የሹሩባን ጫፍ ጫፍ እየቆረጠ ይበላል።

ፖፕ መሆኑን መርሳት። ኮፍያ ያጠለቀ፣ የተኮሳተረ፣ ጨለማ ግድግዳ የተደገፈ ወጣት የራፕ መጽሔት ሽፋን ነው። ፖፕ ደማቅ ቀለም፣ ቀጥታ አንባቢውን የሚያይ ዓይንና ትንሽ ጨዋታ ይፈልጋል። ለመጽሔቱ ሦስት ቀለም ምረጡ፤ ልብሱም፣ ግድግዳውም፣ የርዕሱም ቀለም ከእነሱ ይውጣ። የእግር ኳስ ቡድን ማልያ ይዛችሁ አትምጡ።

በሽፋኑም፣ በማውጫውም፣ በጥንድ ገጹም አንድ ልብስ። ቢያንስ ሁለት ቅያሪ ይኑር።

የሙዚቃ መሣሪያ ለጌጥ ሲያዝ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ክር የጎደለው ጊታር ታቅፎ የተነሳ «የዓመቱ ጊታሪስት» አጋጥሞኛል፤ ጉድለቱን ያየው መጽሔቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ አንድ የሙዚቃ ተማሪ ነበር። ክራርና መሰንቆም የራሳቸው አያያዝ አላቸው።

መድረክ ላይ የምታነሱ ከሆነ ስለ መብራት አንድ ነገር ብቻ። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአዳራሽ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። በ1/1000 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ስታነሱ ፎቶው ላይ የሚመጣው ጥቁር ሽንትር ከዚያ ነው። ወደ 1/100 ውረዱና ድምፃዊው ትንፋሽ የሚወስድበትን ቅጽበት ጠብቁ፤ እንቅስቃሴውም ዝግ ይላል፣ አፉም በማይክሮፎኑ አይሸፈንም።

ፈቃድ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በተተከለበት ቦታ ሁሉ ጥበቃ ይመጣል። ቀኑና ቦታው የተጻፈበት የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አስቀድማችሁ ያዙ። ከምታነሱት ሰውም በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፣ ጓደኛችሁም ብትሆን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም ሆነ ማባዛትን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች ላላ ይላል፤ ብዙዎች ይህን ሲሰሙ የዝነኛ ድምፃዊ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደው ሽፋን ያደርጋሉ። ፎቶው የድምፃዊው ሳይሆን የፎቶ አንሺው ሥራ ነው፤ እሱን የሚጠብቀው ደግሞ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ከሁሉም ቀላሉ ግን ዘወትር የሚደገመው ፎቶን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ መላክ ነው። ተጨምቆ ይደርሳል፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኩት። ገጹ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ ቅጂ በቀለም አትማችሁ መስኮት አጠገብ እዩት። ወረቀት ከስክሪን ይጨልማል፤ ፀጉሯ ከጀርባው ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጥቁር ሆኖ ከታየ የጨለመውን ክፍል ትንሽ አብሩትና እንደገና አትሙ።