ከቅጹ ጀምሩ፦ ሶሻል ወርከሮችን ለአየር ንብረት ለውጥና ለአካባቢ ፍትሕ ማሠልጠን

ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በሚያወራ ስላይድ የሚጀምር ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ይቀራል። ሠልጣኙ ደብተሩን ሞልቶ ይወጣል፤ ሰኞ ጠዋት የሚሞላው የተገልጋይ ቅጽ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ አግኙና ስድስት ያህል ጥያቄዎች የሚገቡበትን ቦታ ፈልጉ። ለሳይንሱ 45 ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን ሁለት ቀን ለልምምድ አውሉት።

ጥያቄዎቹ ተራ ይሁኑ። «የአየር ንብረት ለውጥ ጎድቶዎታል?» ቢባል ብዙው ሰው «አልጎዳኝም» ብሎ ያልፋል። «በሙቀቱ ወቅት ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ውኃ ሲጠፋ ከየት ያመጣሉ? ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ እስከ የት ይደርሳል? በድንገት ከቤት መውጣት ቢመጣ ማን ያግዝዎታል? በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ከውጭ የሚገባ ጭስ ወይም ሽታ አለ?» ሲባል ግን ወሬው ይመጣል። መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ ምልክት የሚደረግበት ሳይሆን የሚጻፍበት መስመር ይኑረው።

ግማሽ ቀን የቤት ጉብኝት አለማምዱ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ይሁን። ብቸኝነቱን ያለምክንያት አላስገባነውም፦ በጁላይ 1995 እ.ኤ.አ. ቺካጎን የመታው የሙቀት ማዕበል በጥቂት ቀናት ከ700 በላይ ሰዎችን ሲገድል ከሟቾቹ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ጎብኚው ቴርሞሜትር ይዞ ይግባ፤ የሚለካውም ሰውየው የሚተኙበትን ክፍል እንጂ ሳሎኑን አይደለም። መስኮቱ ይከፈታል? ሌባ ተፈርቶ ተዘግቶ የሚያድር ከሆነ «መስኮት ይክፈቱ» የሚለው ምክር ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ መፍትሔ የሚፈለገው ለመዝጊያው ነው። የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ደግሞ ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ) የጋለ አየር ወደ ሰውነት ከመግፋት በቀር አይጠቅምም። ያኔ ሰውየውን ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ መውሰድ ይሻላል፤ ማን እንደሚወስዳቸውና በምን እንደሚሄዱ ቀድሞ ተጽፎ ይቀመጥ።

ከዚያ የመድኃኒት ከረጢቱ ይታይ። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች የሰውነትን ፈሳሽ ይቀንሳሉ። አንዳንድ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን መንገድ ያውካሉ። ሊቲየም ደግሞ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ በደም ውስጥ ተከማችቶ ወደ መመረዝ ሊያደርስ ይችላል። ሶሻል ወርከሩ መድኃኒት አቁሙ አይልም፤ ስሙን ጽፎ ላዘዘው ባለሙያ በዚያው ቀን ይደውላል። ሠልጣኞች ደጋግመው የሚስቱት ግን ይህን ነው፦ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሙቀት ጊዜ ቢቃዥ ወይም አንደበቱ ቢተሳሰር «ሕመሙ ተነሣበት» ተብሎ ይታለፋል። ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ በሙቀት ተመትቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሞት የሚያደርስ ድንገተኛ ሕመም ነው። አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪደርስ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ገላውን በውኃ ማራስና ማራገብ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

የአካባቢ ፍትሕን፣ ማለትም የብክለትና የአደጋ ሸክም በድሆችና በተገፉ ሰዎች ላይ እንዳይከመር የሚጠይቀውን ሐሳብ፣ በንግግር ብቻ ማስተማር ከባድ ነው፤ በካርታ ግን በአንድ ከሰዓት ይገባል። ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ የተገልጋይ ፋይሎችን ውሰዱ፤ የሰዎቹን ስም ሰርዙ፤ ቤቱ እንዳይለይ ምልክቱን በሰፈር እንጂ በበር ቁጥር አታድርጉ። ሳል ያለባቸው ልጆች፣ በጎርፍ የተፈናቀሉ፣ የውኃ ችግር ያለባቸው በተለያየ ቀለም ይቀመጡ። በላዩ ቆሻሻ መጣያውን፣ ፋብሪካውን፣ የወንዙን ዳር አስፍሩ። አሠልጣኙ እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስተምር፤ ምልክት የበዛበት ሰፈር መሥሪያ ቤቱ በብዛት የሚሠራበት ሰፈር ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርታው ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ የት መጠየቅ እንዳለበት ግን ይጠቁማል።

ይህን ካላዩ ሠልጣኞች የጋራውን በደል የአንድ ቤት ጥፋት ያደርጉታል፤ ልጁ የሚያስለው «እናት ንጽሕና ስለማትጠብቅ» ነው ተብሎ ይጻፋል። በ1982 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ዋረን ካውንቲ፣ ፒሲቢ በተባለ መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር የተቀበረው አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ድሃ በሆነበት ቦታ ነበር። ነዋሪዎቹ መንገድ ላይ ተኝተው የጭነት መኪናዎቹን ሊያስቆሙ ሞክረው ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ቅበራው አልቀረም፤ የአካባቢ ፍትሕ ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተሰማ።

ስለዚህ አቤቱታ አመዘጋገብ ይለማመዱ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሽታው ዓይነት፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ለማን እንደተነገረና ምን መልስ እንደተሰጠ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁላይ 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ልጆች ሁሉ መብት መሆኑን በውሳኔ ተቀብሏል። ውሳኔው አስገዳጅ ሕግ ስላልሆነ ለነዋሪው «በዚህ ትረታለህ» ብሎ ተስፋ መስጠት ግን ተገቢ አይደለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ነዋሪው ራሱ ይጠየቅ፦ አቤት ብትል አከራይህ ያስወጣሃል? አሠሪህ ያባርርሃል? ስሙ ይገለጥ አይገለጥ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ሳይጠይቅ በቅንነት የሮጠ ባለሙያ ቤተሰብን ጎዳና ላይ ሊጥል ይችላል።

ለአደጋ ጊዜ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። የመጀመሪያ የሥነ ልቦና ርዳታ ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳ አካል ጋር ማገናኘት። ተጎጂው የደረሰበትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክ ማስገደድ ቁስሉን ሊያባብሰው ይችላልና አይደረግም። በመጠለያ የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ መብራት እንዳለው፣ ልጆች ከቤተሰብ እንዳልተለዩ፣ ጀነሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ከበርና ከመስኮት መራቁን ይመልከቱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ከሦስት ወር በኋላ ሱፐርቫይዘሩ አሥር ፋይል ያለምርጫ ያውጣ። ስድስቱም መስመሮች ላይ «የለም» ተደርድሮ ካገኘ ቅጹ የተሞላው ቢሮ ውስጥ ነው። ያኔ ሠራተኛውን ለሌላ ሥልጠና አዳራሽ ከመላክ አብሮት ሁለት ቤት ይግባና ጥያቄዎቹን ራሱ ይጠይቅ።