የቅጠል ሰም ዴልታ ዲ ሲያብድባችሁ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ዴልታ ዲ ማለት ደለል ውስጥ የቀረው የቅጠል ሰም ምን ያህል ከባድ ሃይድሮጂን (ዲዩቴሪየም) እንዳለው የሚናገር ቁጥር ነው፣ የጥንቱን ዝናብ የምንገምትበት። ኤክስትራክሽን (ሰሙን በሶልቨንት ማውጣት)፣ ኮለም፣ ጂሲ (ሞለኪውሎቹን ለይቶ በፒክ የሚያሳየው መሣሪያ) ምናምን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ሴፕተም ቀይሩ ሊነር ቀይሩ እያልኩ አልጀምርም። ከጣናም ከሌላም ሐይቅ ደለል ይዞ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ችግር አንድ አይነት ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ምልክቱ፦ ሲ29ና ሲ31 (29ና 31 ካርቦን ያላቸው የሰም ሞለኪውሎች) ጎልተው መውጣት ሲገባቸው ሲ28ና ሲ30ም እኩል ቆመዋል፣ ዴልታ ዲው ደግሞ ከናሙና ናሙና ይዘላል።

ይሄ ብክለት ነው። ቅጠል አልኬን (የካርቦንና የሃይድሮጂን ሰንሰለት) ሲሰራ ጎዶሎ ቁጥሩን ነው የሚያበዛው፣ 27፣ 29፣ 31 እያለ። ሲፒአዩ፣ ማለትም ጎዶሎ ቁጥሩ ለተጋማሽ ቁጥሩ (28፣ 30) ሲካፈል፣ ንጹህ ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ ከ5 በላይ ነው፣ ነዳጅና ከነዳጅ የሚሰራ ፓራፊን ላይ ግን 1 አካባቢ። ስለዚህ ሲፒአዩ ሳይታይ ስለ ዝናብ ወሬ መጀመር የለም።

አንድ ልጅ ቫያሎቹን በሙሉ ለመንገድ እንዳይፈሱ ብሎ በፓራፊልም (ፓራፊን ያለበት የሚለጠጥ መጠቅለያ) ጠምጥሞ ጠምጥሞ አመጣ፣ ውስጣቸው ያለው ሄክሴን የሚባለው ሶልቨንት ነው፣ ሄክሴን ደግሞ ፓራፊልምን ያሟሟዋል፣ ክዳኑም ያ ቴፍሎኑ በሁለተኛው መክፈት የሚላጥ ርካሽ ክዳን ነው። ጂሲው ላይ ፒኮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል ተደርድረው ወጡ። ልጁ ግን ቀደም ብሎ በለካቸው ናሙናዎች ኮሩ (ከሐይቁ ስር የተቆፈረው የደለል ዘንግ) መሃል ላይ "ከባድ ድርቅ" አግኝቶ ለአማካሪው ስላይድ ሁሉ ጨርሷል። ብላንክ (ናሙና የሌለበት ባዶ ሙከራ) የታለ ስለው ጊዜ አልነበረኝም አለ። ለስላይዱ ግን ጊዜ ነበረው!

ዴልታ ዲ ከፍ ሲል ድርቅ ተብሎ ነው የሚነበበው። ድርቁ ለምን መሃል ላይ ብቻ ታየ ካላችሁ፣ ሰም ያነሰበት ደለል እዛ ስለነበረ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ እውነተኛው ዋጋ -140 ፐርሚል (ከሺህ)፣ የፓራፊኑ -100 ነው እንበል፣ ከፒኩ ሩቡ ፓራፊን ከሆነ የምታነቡት -130 ነው። ሰም የበዛበት ናሙና ላይ ያው ፓራፊን የፒኩ 2 በመቶ ቢሆን ለውጡ አንድ ፐርሚል እንኳን አይሞላም። ለማነጻጸር ያህል፣ ለመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጫፍ በውቅያኖስ ውሃ ምክንያት የምናደርገው ማስተካከያ ራሱ 8 ፐርሚል ገደማ ነው፣ እናንተ ግን በፓራፊልም 10 ጨመራችሁ።

ቫዝሊን ሌላው ነው። እጁን ቫዝሊን ተቀብቶ ጓንት ሳያደርግ ኮር የሚቆርጥ ሰው ጂሲው ላይ ከፒኮቹ ስር ጉብታ (ያልተለየ የቅባት ድብልቅ) ያበቅላል። ቅቤ የተቀባ እንኳን ይሻላል እኮ፣ የቅቤ ቅባት በብዛት ሲ16ና ሲ18 አካባቢ ስለሆነ ከሲ28 ጋር አይገናኝም። (ተቀቡ ማለቴ አይደለም።) ፊልድ ላይ ደግሞ የኮር ቱቦ ጫፍ በቀለጠ ሻማ የሚደፍኑ አሉ፣ ያው ፓራፊን ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በንብ ሰም ወይም በጧፍ የደፈነ ነው፣ ምክንያቱም የንብ ሰም ራሱ ጎዶሎ አልኬን ያበዛል፣ ሲ27ቱ ይጎላል፣ ሲፒአዩ ያማረ ይሆንና ማንም አይጠረጥርም።

መፍትሄው፦ ብርጭቆውንም ፎይሉንም በ450 ዲግሪ ለሰዓታት አቃጥሉ። ፓራፊልም ሶልቨንት ካለበት ክፍል ይውጣ። የፕላስቲክ ስኩዊዝ ቦትል ይውጣ። ኮሩ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከቆየ የውጪውን ንጣፍ ፍቃችሁ ጣሉና ከውስጥ ውሰዱ። ዲሲኤም (ዳይክሎሮሜቴን የሚባለው ሶልቨንት) ጓንት ውስጥ ያልፋል፣ ጓንት አድርጌያለሁ ብላችሁ ጣታችሁን አትንከሩ። በየባቹ አንድ ብላንክ፣ ከኤክስትራክሽን ጀምሮ ሁሉንም ደረጃ ያለፈ፣ በቃ።

የተበከለውን ማጽዳትስ? አይቻልም። የፓራፊን ሲ29 እና የቅጠል ሲ29 አንድ ሞለኪውል ነው፣ ለማጥራት የምንጠቀምባቸው ሲልቨር ናይትሬትም ዩሪያም አይለዩትም። ዩሪያ የሚጠቅመው ጉብታውን ለማውጣት ነው። የአሲድ ፍራክሽኑን (ከዚያው ሰም ተለይቶ የወጣውን የቅባት አሲድ ክፍል) ካልደፋችሁት ግን መውጫ አለላችሁ፣ ፓራፊን አሲድ የለውም፣ የሲ28 አሲድ ላይ ስሩ። ያ ልጅ የዳነው በዚህ ነው፣ "ድርቁም" አብሮ ጠፋ። የንብ ሰም ከሆነ ይሄም አይሰራም፣ ረጅም አሲድም አለውና።

አሲድ ላይ ስትሰሩ ሁሉም ቁጥር በአንድ አቅጣጫ ከሸሸ የሜታኖሉ ነገር ነው፣ አሲዱን ለጂሲ ብለን ወደ ሜቲል ኤስተር የምንቀይርበት። የሲ28 ሜቲል ኤስተር 58 ሃይድሮጂን አለው፣ 3ቱ ከጠርሙሱ የመጡ ናቸው፣ እነሱን በሂሳብ አውጡ። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ የሜታኖሉን ዴልታ ዲ እንደገና ለኩ፣ ያው ብራንድ ነው አትበሉኝ።

ስታንዳርዱ (ዋጋው የታወቀው ማነጻጸሪያ) ከጠዋት እስከ ማታ የሚንሸራተት ከሆነ ኤች3 ፋክተሩን (መሣሪያው ውስጥ ለሚፈጠረው ኤች3 አዮን የሚደረገውን ማስተካከያ) ጠርጥሩ፣ በየቀኑ ይለካ። ፋክተሩ ራሱ ከትናንቱ ብዙ ከዘለለ ውሃና አርጎን እዩ፣ ሊክ አለ። ሪአክተሩ (ሰሙን ወደ ሃይድሮጂን ጋዝ የሚቀይረው ምድጃ) ከ1400 ዲግሪ በላይ ካልሆነ ወይም ካርቦን ካልለበሰ ሚቴን ያመልጣል። የሴራሚክ ቱቦ ርካሹን አትግዙ፣ ይሰነጠቃል።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ ትርጉሙ እንቢ ካለ ወደ ሜዳው ተመለሱ። በአንድ ዝናብ የበቀሉ ሳርና ዛፍ እኩል ዴልታ ዲ አይሰጡም፣ ሳሩ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ካርቦን 13ንም (ከባዱን ካርቦን) ለኩና የሳሩን ድርሻ እዩ። ዴልታ ዲ ዝቅ ካለ ዝናብ በዛ የሚለው ህግም ለኛ አገር በደንብ አይሰራም። የአዲስ አበባ ዝናብ ለዛ ከፍታ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ አይሶቶፕ አለው፣ ከዝናቡ መጠን ጋር ያለው ዝምድናም ደካማ ነው። እርጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ይከብዳል፣ ከህንድ ውቅያኖስ ነው ወይስ በኮንጎ በኩል ዞሮ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጣና የቅጠል ሰም ጥናትም በአፍሪካ እርጥብ ዘመን የታየውን ለውጥ ከኮንጎ አየር ድንበር (የአትላንቲክና የህንድ ውቅያኖስ አየር የሚገናኙበት መስመር) መንቀሳቀስ ጋር ነው ያያያዘው። እና የጣናን ዴልታ ዲ ቀጥታ ወደ ሚሊሜትር ቀይራችሁ ካመጣችሁልኝ አላነበውም።