የድሮ ሚዲ ሲንተሳይዘሮችን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንዴት ማሠራት ይቻላል

የሚዲ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም። ያለው ትእዛዝ ነው፦ በዚህ ቻናል ይህን ኖታ በዚህ ጉልበት ምታ፣ አሁን ልቀቅ፣ አሁን መሣሪያ ቀይር። ድምፁን የሚያወጣው ትእዛዙን የሚቀበለው ሲንተሳይዘር ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በያማሃ ሲንተሳይዘር እየተሰማ የተቀነባበረ ዘፈን ዛሬ በዊንዶውስ የራሱ ሲንተሳይዘር ሲከፈት ዜማው ያው ሆኖ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ዋሽንቱ ይሳሳል፣ ቤዙ ይደክማል፣ አንዳንዴም ከበሮው ፒያኖ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ ያጣው የሚያውቀውን አንባቢ ነው።

ነገሩ የድሮ ጌም የሚወዱ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍሎፒ ማስገቢያ ባላቸው የያማሃ ፒኤስአር ኪቦርዶች ላይ ቅንብሩን ያስቀመጠ ኦርጋን ተጫዋች ሁሉ ዛሬ ያንን ፋይል በላፕቶፕ ሲከፍት ይህንኑ ችግር ያገኘዋል። እዚህ ላይ እንደ ዋና ምሳሌ የምወስደው ያማሃ ለዊንዶውስ የሠራውን ኤስ-ዋይኤክስጂ50 ነው። የድምፅ ናሙናዎቹ በሙሉ በ4 ሜጋባይት ውስጥ የታጨቁ፣ ለመጠኑ ግን የሚደነቅ ድምፅ ያለው ሲንተሳይዘር ነው። መንገዱን አንዴ ካወቁት እንደ ኤዲሮል ሃይፐር ካንቫስ ላሉት ሌሎችም ይሠራል።

ለምን አልነሳም ይላል?

ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሦስቱ ተደራርበው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ኢንስቶለሩ ነው። በዊንዶውስ 95 እና 98 ዘመን ብዙ ፕሮግራሞች ራሳቸው 32 ቢት ሆነው ኢንስቶለራቸው 16 ቢት ነበር። 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሳም፤ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ቢቀያይሩም ለውጥ የለውም።

ሁለተኛውና ዋናው ድራይቨሩ ነው። የዚያን ጊዜ ሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮች ማንኛውም ፕሮግራም እንደ ሳውንድ ካርድ እንዲያያቸው ተብለው በድራይቨር መልክ ይጫኑ ነበር። 32 ቢት ድራይቨር በ64 ቢት ዊንዶውስ ውስጥ መግባት አይችልም። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ደግሞ 64 ቢት የሆነውም ቢሆን ዲጂታል ፊርማ ይጠየቃል። ኢንተርኔት ላይ የፊርማ ቁጥጥሩን አጥፉት የሚል ምክር ደጋግመው ያገኛሉ። አይከተሉት፤ ቁጥጥሩ ቢጠፋም 32 ቢቱ ድራይቨር አይገባም፣ ኮምፒውተርዎ ግን ለአደጋ ተጋልጦ ይቀራል።

ሦስተኛው የመምረጫው መጥፋት ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ የሚዲ ድምፅ በየትኛው መሣሪያ ይውጣ የሚል ምርጫ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ ምርጫው ተነሳ። በዚህ የተነሳ የራሳቸው የሚዲ ምርጫ የሌላቸው ፕሮግራሞች በሙሉ ወደ ማይክሮሶፍት ጂኤስ ዌቭቴብል ሲንዝ ይሄዳሉ። ማይክሮሶፍት የዚህን ድምፆች ከሮላንድ ነው የወሰደው፤ ፋይሉ ከ3 ሜጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን የሮላንድ የባለቤትነት ምልክቱም የ1996 ነው። ማለትም አዲስ ላፕቶፕዎ ላይ የሚሰሙት ሚዲ ራሱ የድሮ ነው፤ ችግሩ ለፋይልዎ ትክክለኛው አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ድራይቨሩን ለመጫን አይታገሉ። ሲንተሳይዘሩ ሁለት ነገር ነው፦ ድምፅ የሚፈጥረው ሞተር እና ሞተሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር። የሞተው ድራይቨሩ ነው። ሞተሩን በፕለጊን መልክ፣ ማለትም በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተሰክቶ የሚሠራ አድርገን አውጥተን ማገናኛውን በዘመናዊ መሣሪያ እንተካዋለን።

አንደኛ፦ ፋይሉ ለየትኛው ሲንተሳይዘር እንደተጻፈ ይወቁ

ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ ጊዜ የሚያባክነውም እሱ ነው። ሴካይጁ የሚባለውን ነፃ ሲኩዌንሰር (የሚዲ ፋይል ማረሚያና ማጫወቻ) አውርደው ፋይሉን ይክፈቱበትና የክንውን ዝርዝሩን ያውጡ። ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች መካከል ሲስኤክስ የሚባሉ ረጃጅም መልእክቶችን ይፈልጉ። ሁሉም በኤፍ0 ይጀምራሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ ፊደሎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ቀጥሎ ያለውን ሁለተኛውን ቁጥር ይመልከቱ፤ እሱ የአምራቹ መለያ ነው። 43 ከሆነ ያማሃ፣ 41 ከሆነ ሮላንድ፣ 7ኢ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም የሚሆን የጄኔራል ሚዲ፣ ማለትም የአምራቾች ሁሉ የጋራ ደንብ መልእክት ነው።

አራተኛው ቁጥር ይበልጥ ይነግርዎታል። ሁለተኛው 43 ሆኖ አራተኛው 4ሲ ከሆነ ፋይሉ የኤክስጂ ነው፤ ኤክስጂ ያማሃ ጄኔራል ሚዲን አስፍቶ ያወጣው የራሱ ደንብ ነው። ለምሳሌ ኤክስጂ ሲንተሳይዘርን ወደ መነሻው የሚመልሰው መልእክት ሙሉው ይህ ነው፦ ኤፍ0 43 10 4ሲ 00 00 7ኢ 00 ኤፍ7። በሮላንድ በኩል አራተኛው ቁጥር 42 ከሆነ የሳውንድ ካንቫስ ሲንተሳይዘሮች፣ ማለትም የጂኤስ (የሮላንድ የራሱ ደንብ) ፋይል ነው። 16 ከሆነ ግን በ1987 የወጣው የሮላንድ ሲንተሳይዘር የኤምቲ-32 ፋይል ነው፤ ለዚህ የተለየ መፍትሔ አለው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ኤክስጂ በማንኛውም ቻናል ላይ ከበሮ ማድረግ ይፈቅዳል፤ የባንክ ቁጥሩ (የመሣሪያ ስብስብ የሚመርጠው ቁጥር) 127 ሲሆን ያ ቻናል የከበሮ ይሆናል። ጂኤስ ይህን ቁጥር እንደዚያ አይረዳውም። መደበኛው የከበሮ ስብስብ ደግሞ ፕሮግራም ቁጥር 1 ላይ ነው፣ በዜማ መሣሪያዎች ዝርዝር ቁጥር 1 ደግሞ ፒያኖ ነው። ከ10ኛው ቻናል ውጭ የተቀረጸ ከበሮ ፒያኖ ሆኖ የሚንኳኳው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ከሰሙ ዝርዝሩን ሳይከፍቱም ፋይሉ የኤክስጂ እንደሆነ መጠርጠር ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ሞተሩን በፕለጊን መልክ ያስነሱ

የኤስ-ዋይኤክስጂ50ን ሞተር ከድራይቨሩ ለይተው በቪኤስቲ ፕለጊን መልክ ያዘጋጁት ስሪት አለ፤ ኢንስቶለር አያስፈልገውም፣ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ ነው። የያማሃ ንብረት መሆኑ ስላልቀረ ኦሪጅናሉን የገዙ ሰዎች ቢጠቀሙበት ይመረጣል። ከየትም ያግኙት፣ ከመክፈትዎ በፊት በአንቲቫይረስ ያስፈትሹት፤ የድሮ ሶፍትዌር የሚጫንባቸው ገጾች ሁሉ ንጹሕ አይደሉም።

ፕለጊን ብቻውን አይሠራም፣ የሚያስተናግደው ሆስት ይፈልጋል። ፕለጊኑ 32 ቢት ስለሆነ ሆስቱም 32 ቢት መሆን አለበት። ዊንዶውስዎ 64 ቢት መሆኑ እዚህ ላይ ችግር የለውም፤ ተራ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ያስነሳል። እኔ የምመርጠው ሳቪሆስትን ነው፣ ምክንያቱም አንድ ፋይል ብቻ ነው። ኤክስ86 የሚል ምልክት ያለውን፣ ማለትም 32 ቢቱን ያውርዱና ፕለጊኑ ያለበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት። ከዚያ የሳቪሆስትን ፋይል ስም ልክ እንደ ፕለጊኑ ፋይል ስም አድርገው ይቀይሩት፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ብቻ አይንኩ። በድርብ ሲጫኑት ስሙ የሚመሳሰለውን ፕለጊን ራሱ ፈልጎ ይከፍታል።

እንደ ኪውቤዝ ያለ የራሱ ድልድይ የሌለው 64 ቢት የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ፕለጊኑን ማስገባት ከፈለጉ በመካከል ጄይብሪጅን የመሰለ ድልድይ ያስፈልግዎታል። ሪፐር ግን የራሱ ድልድይ ስላለው 32 ቢት ፕለጊኖችን እንዲሁ ይቀበላል።

ሦስተኛ፦ ምናባዊ የሚዲ ገመድ ይዘርጉ

አሁን ሲንተሳይዘሩ ተነስቷል፣ ነገር ግን ትእዛዝ የሚያመጣለት የለም። ሉፕሚዲ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። መስኮቱ ላይ የመደመር ምልክቷን ሲጫኑ አንድ ፖርት ይፈጠራል፤ ስሙን ኤክስጂ ይበሉት። ይህ ፖርት በአንድ ጫፉ እንደ ሚዲ መውጫ፣ በሌላው እንደ ሚዲ መግቢያ ሆኖ ይታያል። ሥራውም በኪቦርድና በኮምፒውተር መካከል እንደሚሰካው ገመድ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም ጫፎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ናቸው።

ሳቪሆስት ውስጥ ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ሚዲን ይክፈቱና መግቢያውን ኤክስጂ ያድርጉ። መውጫውን ባዶ ይተዉት። በስህተት ያንኑ ፖርት መውጫም ካደረጉት መልእክቱ ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ሉፕሚዲም ይህን ሲያይ ፖርቱን ይዘጋዋል። ድምፅ በድንገት ከጠፋ በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

አራተኛ፦ ማጫወቻውን ወደ ገመዱ ያዙሩ

የራሱ የሚዲ መውጫ ምርጫ ያለው ማጫወቻ ይጠቀሙ። ሴካይጁ አለው፤ የዘፈኑን ግጥም እያዩ ማጫወት ለሚፈልጉ ቫንባስኮ ካራኦኬ ማጫወቻ ዕድሜው ቢገፋም ይሠራል። መውጫውን ኤክስጂ አድርገው ያጫውቱ። ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርና አንዳንድ የድሮ ጌሞች ግን ምርጫ አይሰጡም። ለነሱ ኩልሶፍት ሚዲማፐር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ከቪስታ ጀምሮ የተነሳውን ምርጫ ይመልሳል።

ጌሙ በዶስቦክስ (የድሮ የዶስ ጌሞችን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚከፈት ከሆነ የዶስቦክስን ሴቲንግ ፋይል ከፍተው በሚዲ ክፍሉ ውስጥ የፖርቱን ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩን ለማወቅ ዶስቦክስን አስነስተው ሚክሰር ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ሊስትሚዲ ብለው ይጻፉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ በሁለተኛው ቃል ፊት ሸርተቴ መስመር (/) አለ። ያሉትን ፖርቶች ከነቁጥራቸው ይዘረዝራል።

ድምፁ ቢዘገይ፣ ቢቆራረጥ፣ ኖታ ቢያዝ

ፋይል ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ መዘግየት አያሳስብም። በኪቦርድ በቀጥታ ሊጫወቱበት ከሆነ ግን ጣትዎና ድምፁ መራራቃቸው ያበሳጫል። ዲቫይስስ ውስጥ ዌቭን ይክፈቱና መውጫው አሲዮ (መዘግየትን የሚቀንስ የድምፅ ድራይቨር ዓይነት) የሆነ ድራይቨር ካለ እሱን ይምረጡ፤ ሳውንድ ካርድዎ የራሱ ከሌለው አሲዮ4ኦል በነፃ ይገኛል። የናሙና ፍጥነቱን 44,100 ያድርጉት። በዚህ ፍጥነት ባፈሩ (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ) 441 ናሙና ሲሆን 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለጆሮ የማይታወቅ ነው ማለት ይቻላል። ድምፁ ከተቆራረጠ ባፈሩን እጥፍ እያደረጉ ይጨምሩ እንጂ ሌላ ነገር አይነካኩ።

ዘፈን መሃል ላይ ሲያቆሙ አንድ ኖታ ሳይለቀቅ የሚያንቋርር ከሆነ የልቀቅ ትእዛዙ አልደረሰም ማለት ነው። ኮንትሮለር 123 ሁሉንም ኖታ ልቀቅ ማለት ነው፣ ብዙ ማጫወቻዎች በአንድ ቁልፍ ይልኩታል። ሁለተኛውን ዘፈን ሲከፍቱ ደግሞ የመጀመሪያው ማስተጋቢያና የድምፅ መጠን አልፎ ከመጣ፣ ሁለተኛው ፋይል መጀመሪያው ላይ ሲንተሳይዘሩን ወደ መነሻው የሚመልሰውን መልእክት አልያዘም። ከላይ የጻፍኩትን የኤክስጂ መልእክት በሴካይጁ መጀመሪያ ላይ ያስገቡለት። ሲንተሳይዘሩ ያንን ለመፈጸም 50 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈልግ ቀጣዩን ትእዛዝ ትንሽ ያርቁት፤ ካልሆነ የመጀመሪያው የመሣሪያ ለውጥ ሊጠፋ ይችላል።

ፕለጊን ለሌላቸው

ለኤምቲ-32 ፋይሎች ሙንት የሚባል ነፃ ኢሙሌተር፣ ማለትም መሣሪያውን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ሮም ፋይሎቹን (የመሣሪያውን የውስጥ ፕሮግራምና ድምፆች) ከመሣሪያው ማግኘት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ አንዱ 64 ኪሎባይት፣ ሌላው 512 ኪሎባይት ነው፣ ባለቤትነታቸውም የሮላንድ ነው። የኤምቲ-32ን ፋይል በጄኔራል ሚዲ ሲንተሳይዘር ለማጫወት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ጄኔራል ሚዲ የወጣው በ1991 ስለሆነ የመሣሪያዎቹ ቅደም ተከተል አይገጥምም።

የጄኔራል ሚዲ ፋይል ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ቨርችዋልሚዲሲንዝን ይጫኑና እንደ ጄኔራልዩዘር ጂኤስ ያለ ሳውንድፎንት (የድምፅ ናሙናዎች ፋይል) ይስጡት። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

በድራይቨር መልክ ብቻ የወጣ ሲንተሳይዘር ካለዎት የቀረው መንገድ ቨርችዋልቦክስ (በኮምፒውተርዎ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ መጫን ነው። ሳውንድ ካርዱን ኤሲ97 ያድርጉት። ለመጫወት ይዘገያል፣ ለማዳመጥና ለመቅዳት ግን ይበቃል። ኤክስፒ ከ2014 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ ስላቆመ ኢንተርኔቱን ያጥፉበት።

ማክ ላይ ከካታሊና፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ 32 ቢት ፕሮግራም ስለማይነሳ የድሮዎቹን ፕለጊኖች ይተዋቸው፤ በሳውንድፎንት የሚሠራውን ነፃ ሲንተሳይዘር ፍሉይድሲንዝንና ሙንትን ይጠቀሙ። የምናባዊ ገመዱን ቦታ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው አይኤሲ ድራይቨር ይሸፍናል። ሊኑክስ ላይ ፍሉይድሲንዝ ከየስርጭቱ በቀጥታ ይጫናል፤ የዊንዶውሱን ፕለጊን ራሱን ማስነሳት ከተፈለገ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ዋይንና የፕለጊን ድልድዩ ያብሪጅ አብረው ይህን ያደርጋሉ።

ሲሳካ ወዲያው ይቅዱት

ትክክለኛው ድምፅ ከወጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድምፅ ፋይል ይቅዱት። ኦዳሲቲን ይክፈቱ፣ የድምፅ ሲስተሙን ዋሳፒ፣ መቅጃውን ደግሞ ከስሙ ጎን ሉፕባክ የሚል ያለበትን የድምፅ ማጉያዎን ያድርጉ። ሳቪሆስት አሲዮ ላይ ከሆነ ለመቅጃው ጊዜ ብቻ ወደ ተራው የዊንዶውስ መውጫ ይመልሱት፤ አሲዮ የዊንዶውስን መንገድ ሊዘለው ስለሚችል ኦዳሲቲ ባዶ ሊቀዳ ይችላል። መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ሁለት ሰከንድ ቆይተው ዘፈኑን ያስነሱ፣ ሲያልቅም ማስተጋባቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ፋይሉን በዌቭ ያስቀምጡት። ዋናውን የሚዲ ፋይልም ከጎኑ ያቆዩት፤ ስሙ ላይ ኤክስጂ፣ ጂኤስ ወይም ኤምቲ-32 መሆኑን ይጨምሩበት፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው የሲስኤክስ ዝርዝር ውስጥ መግባት እንዳይኖርበት።