ከስድስት ወር በኋላም የሚነበብ የፓይተን ኮድ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ፋይል ክፈቱ። ከወራት በፊት ጽፋችሁት እስካሁን የሚሠራ፣ ግን መንካት የምትፈሩት ፋይል። ንጹሕ ኮድ የምለው ሳይፈሩ የሚነካውን ነው። ሌላ ሰው ከፍቶት፣ እናንተ ጋ ሳይደውል ማስተካከል ከቻለ ንጹሕ ነው። ያንን ፋይል ይዘን ደረጃ በደረጃ እናጽዳው።

መጀመሪያ መመለሻ አብጁ

ፋይሉ ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግብ መሣሪያ) ውስጥ ከሌለ አስገቡትና ኮሚት አድርጉ፤ ማለትም አሁን ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ። ቀጥሎ ፓይቴስት በተባለው የፓይተን መፈተሻ መሣሪያ ሁለት ሦስት ቴስት ጻፉለት። «ይህን ስሰጠው ይህን ይመልሳል» የሚል ቀላል ፍተሻ ለመጀመር ይበቃል። ያለ ቴስት ኮድ ማጽዳት በጨለማ ዕቃ እንደ ማዘዋወር ነው። ምን እንደ ሰበራችሁ የምታውቁት ሲነጋ ነው።

ስሞቹን አስተካክሉ

ብዙ ጊዜ ውሰዱበት የምለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

ሀ = ለ * መ
ሀ = ሀ - ሀ * 0.1

ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ስለምን እንደሚያወራ ማን ያውቃል? 0.1 ምንድን ነው? አሁን ይህን፦

የቅናሽ_መጠን = 0.1
ጠቅላላ_ዋጋ = ነጠላ_ዋጋ * ብዛት
የሚከፈል = ጠቅላላ_ዋጋ * (1 - የቅናሽ_መጠን)

ምንም ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ ስሞቹ ራሳቸው ተናገሩ። ነገ ቅናሹ ቢቀየር የትኛውን መስመር እንደምትነኩም ግልጽ ነው።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ለቫሪያብል (እሴት ለሚያዝበት) ስም ይቀበላል። ለነጠላ ዋጋና ለብዛት ቁጥር ሰጥታችሁ ብታሄዱት ከላይ ያለው ይሠራል። ለመማሪያ ደስ ይላል፤ ለትልቅ ሥራ ግን አልመክርም። ለእኛ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች ናቸው። አንዱ ቦታ በንጉሡ ሠ፣ ሌላው ቦታ በእሳቱ ሰ ብትጽፉ ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል።

ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፔፕ 8 የተባለው የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የቫሪያብልና የፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ስም በትንንሽ ፊደል፣ የማይቀየር እሴት ስም ደግሞ በትልልቅ ፊደል እንዲጻፍ ይመክራል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ይህን ልዩነት ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ከሌሎች ጋር የምትጋሩትን ኮድ በእንግሊዝኛ ሰይሙት።

ፋንክሽኑን ከፋፍሉ

ይህ ፋንክሽን ምን ይሠራል? በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። «ፋይሉን ያነብና፣ ድምሩን ያሰላና፣ ኢሜይል ይልካል» ካላችሁ ሦስት ፋንክሽን አንድ ላይ ታጭቋል። «ና» በገባችበት ቦታ ቁረጡት። በተለይ ስሌቱን ከማንበቡና ከመላኩ ለዩት። ስሌት ብቻ የሚሠራ ፋንክሽን ያለ ፋይልና ያለ ኢንተርኔት ቴስት ይደረጋል።

ኢፍ ውስጥ ኢፍ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ኢፍ ከገባ ደግሞ ገልብጡት። የማይሆነውን ነገር መጀመሪያ ላይ ፈትሻችሁ ሪተርን አድርጉ፣ ማለትም ከፋንክሽኑ ውጡ፤ የቀረው ኮድ ወደ ግራ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ባዶ ሊስት ዲፎልት አታድርጉ

ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ዲፎልት ማለት የሚጠራው ሰው ምንም ካልሰጠው ፋንክሽኑ የሚወስደው እሴት ነው። «ጨምር» የሚባል ፋንክሽን አለ እንበል። ዕቃ ይቀበልና ሊስት ውስጥ ያስገባል፤ ሊስት ካልተሰጠው ባዶ ሊስት ዲፎልት ተደርጎለታል። መጀመሪያ ጨምር("መጽሐፍ") ስትሉ ["መጽሐፍ"] ይመልሳል። ቀጥሎ ጨምር("እርሳስ") ስትሉ ግን ["መጽሐፍ", "እርሳስ"] ይመጣል። መጽሐፉ ከየት መጣ?

ፓይተን ዲፎልቱን የሚፈጥረው ፋንክሽኑ ሲደነገግ አንዴ ብቻ ነው፤ በተጠራ ቁጥር አዲስ አይሠራም። ሁሉም ጥሪ ያንኑ ሊስት ይጋራል። ዲክሽነሪም እንዲሁ ነው። መፍትሔው ዲፎልቱን «ነን» የተባለው ባዶ እሴት ማድረግና አዲሱን ሊስት ፋንክሽኑ ውስጥ መፍጠር ነው።

ስሕተትን አትደብቁ

ዓይነቱን ሳይጠቅስ ሁሉንም ኢረር የሚይዝ፣ ይዞም ዝም የሚል «ኤክሴፕት» ካያችሁ አውጡት። በኪቦርድ ፕሮግራሙን ለማቆም የምትሰጡትን ትእዛዝ እንኳ ይውጠዋል። የምትጠብቁትን ኢረር በስሙ ጥቀሱ፤ ለምሳሌ ፋይሉ ላይኖር ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ የዚያን ብቻ ያዙ። ሌላው ጮኾ ይውጣ፤ ቶሎ ይገኛል። ፋይል ስትከፍቱም በ«ዊዝ» ክፈቱ፤ መሃል ላይ ኢረር ቢፈጠር እንኳ ይዘጋላችኋል።

የቀረውን ለመሣሪያ ተዉት

ስፔስ መቁጠር የሰው ሥራ አይደለም። ብላክ የተባለው መሣሪያ ኮዱን ራሱ ያስተካክላል፤ የመስመር ርዝመቱን ካልቀየራችሁት 88 ፊደል ነው፣ የፔፕ 8 ደግሞ 79። የትኛውም ይሁን፤ ቡድኑ አንዱን ይምረጥና ክርክሩ ይብቃ። ረፍ የተባለው ኮድ ፈታሽ መሣሪያ ደግሞ ያልተጠቀማችሁበትን ኢምፖርት (ከሌላ ቦታ ያስገባችሁትን ኮድ) ይነግራችኋል።

ኮሜንት ስትጽፉ ኮዱ የሚለውን አትድገሙ፤ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ጻፉ። «ሰርቨሩ ቶሎ ቶሎ ሲጠየቅ ስለሚዘጋ 2 ሰከንድ እንጠብቃለን» የሚል አንድ መስመር ለቀጣዩ ሰው ግማሽ ቀን ያተርፍለታል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቴስቱን አሂዱና ኮሚት አድርጉ። ስም መቀየርንና ባግ ማስተካከልን አንድ ኮሚት ውስጥ አትቀላቅሉ። ነገር ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው ማወቅና ያንን ብቻ መመለስ ያስፈልጋችኋል።